ልብስ አስቦ መግዛትና ብክነቱን መቀነስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሸማች የአሠራር መመሪያ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 1,850 ሜትር አካባቢ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግን ጠዋት ከደሴ ጃኬት ደርቦ የተነሳ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን በክንዱ ይዞ ከመኪና ይወርዳል። ለዚህ አካባቢ ሰው የልብስ ብክነት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው፤ ለብርዱ አንድ፣ ለሙቀቱ አንድ እየተባለ ይገዛና ግማሹ ሳይለበስ ሣጥን ውስጥ ይከርማል።

ጉዳቱ በብር ብቻ አይቆምም። አንድ የጥጥ ቲሸርት፣ ጥጡ ከሚበቅልበት ማሳ ጀምሮ ሲቆጠር፣ 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚፈጅ ይገመታል። ፖሊስተር ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ፕላስቲክ ስለሆነ አይበሰብስም። ደሴ ላይ ቦይ ውስጥ የተጣለ ልብስ ክረምት ሲገባ ወይ ቦዩን ይደፍናል፣ ወይ ጎርፍ ጠርጎ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ይከተዋል።

ይህ መመሪያ ግማሽ ያህሉ ስለ ግዢ ነው። ቶሎ የሚጣል ልብስ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ግዢው ላይ ነውና።

1. መጀመሪያ ቁም ሣጥኑን ማራገፍ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ያላችሁን ልብስ በሙሉ አልጋ ላይ ዘርግፉ። ከሥር የተቀበረውንም፣ ሻንጣ ውስጥ ያለውንም። ከዚያ በአራት ክምር ለዩት፦ ዘወትር የምትለብሱት፣ ለክት የተቀመጠ፣ ትንሽ ጥገና የሚፈልግ፣ ባለፉት 12 ወራት አንዴም ያልተለበሰ።

አራተኛውን ክምር ጊዜ ሰጥታችሁ ተመልከቱት። እያንዳንዱ ለምን እንዳልተለበሰ በአንድ ቃል ጻፉ፦ «ጠበበኝ»፣ «ያሳክከኛል»፣ «የሚሄድለት ሱሪ የለኝም»፣ «ቀለሙ ለቀቀ»። አንድ ዓይነት ምክንያት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ፣ በሚቀጥለው ግዢ መጀመሪያ የምትጠነቀቁት እሱን ነው። ሦስተኛው ክምር ደግሞ ብዙ ጊዜ ግዢውን ራሱን ያስቀራል። ዚፕ የተበላሸበት ጃኬት ያለው ሰው የሚያስፈልገው ዚፕ ነው።

ከዚህ በኋላ የጎደለውን ዘርዝሩ። «ልብስ ያስፈልገኛል» አይበቃም። «ደሴ ላይ ከሹራብ በላይ የሚደረብ፣ ነፋስ የማያስገባ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ጃኬት» ብላችሁ ጻፉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ሰው አንድ ወፍራም ካፖርት ከሚገዛ ተደራራቢ ነገር ቢገዛ ይሻለዋል፦ ከሥር የጥጥ ካናቴራ፣ ከዚያ ሸሚዝ፣ ከዚያ ስስ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የሚከላከል ቀለል ያለ ጃኬት። ሙቀት የሚይዘው በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር ስለሆነ ሦስት ስስ ልብስ አንድ ወፍራም ልብስ ያህል ያሞቃል። ሐረጎን ሲወርዱ ደግሞ አንድ በአንድ ይወልቃል።

2. የግዢውን ቀን መምረጥ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል ከቤታችን አይጠፋም። ለዒድ፣ ለአረፋ፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽም ልማዱ ያው ነው። በዓል በአዲስ ልብስ መቀበል ደስ ይላል፤ ይቅር የሚል የለም። ችግሩ ዋዜማው ላይ መግዛት ነው። ዋዜማ ላይ ሱቁ ይጨናነቃል፣ መለኪያ ክፍሉ ወረፋ አለው፣ ልብስ ሰፊውም «ከበዓል በኋላ» ይላል፣ ዋጋውም አይነካም። ስለዚህ የበዓል ልብስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አስቀድማችሁ ግዙ ወይም አሰፉ።

ከበዓል ውጪ ለሆነ ግዢ ሁለት ጊዜ መሄድን ልማድ አድርጉ። በመጀመሪያው ቀን ፒያሳንም ሰኞ ገበያንም ዙሩ፣ ልኩ፣ ዋጋ ጠይቁ፣ አትግዙ። ሳምንት ቆይታችሁ አሁንም ከፈለጋችሁት ተመለሱ። ብዙው ፍላጎት በአንድ ሳምንት ውስጥ በራሱ ይበርዳል።

3. ልካችሁን በሴንቲ ሜትር ይዛችሁ ውጡ

«ሚዲየም» እና «ላርጅ» የሚባለው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ከቤታችሁ በጣም የሚስማማችሁን ሸሚዝና ሱሪ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉና በሜትር ለኩ፦

- ሸሚዝ፦ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ከኋላ አንገት እስከ ታች
- ሱሪ፦ ወገቡ ተቆልፎ ከዳር እስከ ዳር፣ ጭኑ በሰፊው ቦታ፣ የውስጥ እግር ርዝመት

ሰባት ቁጥር ነው፤ ስልክ ላይ ይቀመጣል። በቴሌግራም የሚሸጥ ልብስ ስትጠይቁም «ከብብት እስከ ብብት ስንት ሴንቲ ነው?» በሉ። ሻጩ ለመለካት ፈቃደኛ ካልሆነ ተዉት። በፎቶ ታይቶ ከተገዛ በኋላ ያልሆነ ልብስ መመለሻ የለውም፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ በየሱቁ የተለጠፈ ነው።

4. ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሻጩ ቢያጣድፋችሁም አትቸኩሉ።

ገልብጡት። ልብስ እውነቱን የሚናገረው በውስጡ ነው። የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር በኦቨርሎክ ስፌት ተይዟል? ክሩ ተንጠልጥሏል? ከስፌቱ ውጪ የተረፈው ጨርቅ 1 ሴ.ሜ. ያህል መሆን አለበት። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ሲወጠር ጨርቁ ከስፌቱ ሾልኮ ይወጣል፤ ማስፋትም አይቻልም።

ስፌቱን ቁጠሩ። 3 ሴ.ሜ. ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ የመርፌ እርምጃዎቹን ብትቆጥሩ ደህና ሸሚዝ ከ10 እስከ 13 ይኖረዋል። ከ8 በታች ከሆነ የተሰፋው ለችኮላ ነው፤ ብብቱና መቀመጫው ቶሎ ይከፈታል። ወፍራም ጂንስና ካፖርት ላይ 8 ወይም 9 ችግር የለውም።

ስፌቱን በሁለት እጅ ለጠጥ አድርጉት። በክሮቹ መካከል ብርሃን ከታየ ወይም ጨርቁ መሰላል መስሎ ከተከፈተ ይቅርባችሁ።

ወደ ብርሃን አንሱት። ጨርቁ ወጥ መሆን አለበት። እዚህ ሳሳ፣ እዚያ ወፈር ካለ በሳሳው በኩል ይቀደዳል።

በጡጫ ጨብጡት። 15 ሰከንድ ያዙና ልቀቁት። ጥጥና ተልባ መጨማደዳቸው ተፈጥሯቸው ነው። ሱፍ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ፖሊስተርና ፖሊስተር ያለበት ቴትሮን ብዙም አይጨማደድም። ይህ ካውያ ለማይወድ ሰው ጥቅም ነው፤ ላብ ስለማይመጥ ግን ለኮምቦልቻ ቀትር አይመችም።

ቀለሙን ፈትኑ። ነጭ ሶፍት ወይም መሐረብ በትንሹ አርሳችሁ የውስጥ ስፌቱ ላይ 10 ጊዜ እሹት። ሶፍቱ ቀለም ከያዘ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እጥበቶች ለብቻው ማጠብ ግድ ነው። ሶፍቱ በጣም ከቀለመ ደግሞ ልብሱ ሌላውን ልብስ ሁሉ ያበላሻል። ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ላይ ይህን ምርመራ ፈጽሞ አትዝለሉ።

ዚፑን አምስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። የሚያዝ ከሆነ ቤት ስትደርሱም ያው ነው። ለጃኬትና ለሱሪ የብረት ዚፕ ይመረጣል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካ አድርጉ፤ ትርፍ ቁልፍ ውስጥ ተሰፍቶ እንደሆነም እዩ።

ለብሳችሁ ተንቀሳቀሱ። መቆም ብቻ አይበቃም። ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፣ ጎንበስ በሉ። ረጅም ቀሚስ ከሆነ ሁለት ደረጃ ውጡ፤ ደሴ ዳገት ናት።

ስለ ሌዘር ጃኬት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ለደሴ ብርድ ብዙ ብር የሚወጣበት እሱ ነውና። «ሌዘር» ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዱ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ከኮሌታውና ከእጅጌው ጫፍ ጀምሮ እንደ ቆዳ ቅርፊት ይላጣል፤ መጠገኛም የለውም። ለመለየት ከኪሱ ውስጥ ወይም ገበሩ ከተከፈተበት ጀርባውን እዩ። ቆዳ ከሆነ ጀርባው ጭገር ያለው፣ እንደ ጫማ ቆዳ ውስጥ ሻካራ ነው። ክር ወይም መረብ የመሰለ ጨርቅ ካያችሁ ልባጥ ነው። ልባጥ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ በቆዳ ዋጋ መግዛት ግን ብክነት ነው።

የጨርቁን ዓይነት እርግጠኛ ለመሆን የእሳት ምርመራ አለ። ይህ ቤት ውስጥ እንጂ ሱቅ ውስጥ አይደረግም። ከውስጥ ጠርዝ ጥቂት ክር መዝዙ፣ በወረንጦ ይዛችሁ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። አመዱም እንክብሉም ከታየ ድብልቅ ነው።

5. ዋጋውን በለበሱበት ቀን ማካፈል

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 900 ብር የተገዛ ሹራብ 12 ጊዜ ተለብሶ ቢተረተር፣ እያንዳንዱ ቀን 75 ብር ወጥቶበታል። 3,000 ብር የተገዛ ሹራብ 150 ጊዜ ቢለበስ በቀን 20 ብር ነው። ርካሹ ከሦስት እጥፍ በላይ ተወዶ ተገኘ ማለት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት «ይህን ቢያንስ 30 ቀን እለብሰዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሠርግ ብቻ የሚሆን ቀሚስ 30 ቀን አይሞላም፤ እንዲህ ያለውን ከእህት ወይም ከጓደኛ መዋስ፣ ወይም መከራየት ያዋጣል።

የተወደደ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ግን አይደለም። ደረቱ ላይ ለታተመ ስም የሚከፈል ብር ስፌቱን አያጠነክረውም። ምርመራው ለውዱም ለርካሹም አንድ ነው።

6. ማሰፋት

ኮምቦልቻ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተከፈተባት ከተማ ናት። መኪና ስፌት የሚያውቅ ሰው አይጠፋባትም። በልክ የተሰፋ ልብስ ቆይቶ ስለሚለበስ ለሱሪ፣ ለዩኒፎርምና ለጉርድ ቀሚስ ማሰፋትን እንመርጣለን።

150 ሴ.ሜ. ስፋት ባለው ጨርቅ ለአዋቂ ሱሪ 1.2 እስከ 1.3 ሜትር፣ እጅጌው ረጅም ለሆነ ሸሚዝ 1.6 እስከ 1.8 ሜትር ይበቃል። ስፋቱ 90 ሴ.ሜ. ከሆነ ለሸሚዙ 2.5 ሜትር ያህል ያዙ። ጨርቅ ሻጩን መጀመሪያ ስፋቱን ጠይቁት፤ ሳያስፈልግ ግማሽ ሜትር የሚቆረጠው ይህ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ጥጥ ከሆነ ለልብስ ሰፊው ከመስጠታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ንከሩት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት። ያልታጠበ ጥጥ 5 ከመቶ ድረስ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ከ100 ሴ.ሜ. ሱሪ ላይ 5 ሴ.ሜ. ማለት ነው። «ከታጠበ በኋላ አጠረብኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፤ ልብስ ሰፊው ግን ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ለልብስ ሰፊው ሦስት ነገር በግልጽ ንገሩት፦ የሱሪው ኋላ ስፌት ላይ 3 ሴ.ሜ. ትርፍ እንዲተው፣ ብብቱንና መቀመጫውን ሁለት ጊዜ እንዲሰፋ፣ የተረፈውን ቁራጭ እንዲመልስላችሁ። ቁራጩ ኋላ ለመጣፍ ያስፈልጋል። ለልጅ ዩኒፎርም ደግሞ ከእግሩ በታች 6 ሴ.ሜ. ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ አድርጉ። ልጁ ሲያድግ በየዓመቱ 2 ወይም 3 ሴ.ሜ. ይፈታል። የድሮው እጥፋት መስመር እንዳይታይ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ተኩሱት።

7. ያገለገለ ልብስ

ሰልባጅ ወይም ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ንጹሑና የሚታወቀው ያገለገለ ልብስ የዘመድ፣ የጎረቤትና የጓደኛ ነው። በተለይ የልጅ ልብስ። ልጅ ልብሱን ሳይጨርሰው ያድግበታል። ሦስት አራት ቤተሰብ ተስማምቶ በየመስከረሙ የልጆቹን ልብስ ቢለዋወጥ ብዙ ግዢ ይቀራል።

ያገለገለ ልብስ ሲቀበሉ ብብቱን፣ ኮሌታውን፣ የሱሪውን ጭን መሐልና ጉልበቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ነው። ላስቲኩን ሳቡት፤ ካልተመለሰ ሞቷል፣ ይቀየራል። ጫማ ከሆነ ሶሉን አጥፉት። ለዓመታት የተቀመጠ የስፖንጅ ሶል ከላይ አዲስ መስሎ ውስጡ ይደቅቃል፤ በሁለተኛው ቀን እግር ላይ ይበታተናል። የውስጥ ሱሪ አትቀበሉ።

ቤት ከመግባቱ በፊት በፌስታል አስራችሁ አስቀምጡት። ትኋንና ቅማል እንዳይኖር፣ ጨርቁ ከቻለ 60 ዲግሪ በሚሆን ሙቅ ውሃ 30 ደቂቃ ንከሩ፣ እጠቡ፣ ስፌቶቹን በጋለ ካውያ ተኩሱ። ፀሐይ ብቻውን አይበቃም።

8. አያያዝ

በየቀኑ ማጠብ የልብስን ዕድሜ ያሳጥራል። ጂንስና ጃኬት ካልቆሸሸ አናፍሱት፤ ነጠብጣቡን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ስታጥቡ ገልብጡት፣ ዚፑን ዝጉት። ለ10 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ሳሙና ይበቃል፤ ሲበዛ አይለቅም፣ ጨርቁ ይደርቃል፣ ውሃም ይፈጃል። ከ30 ደቂቃ በላይ አትንከሩ። ሌሊቱን ሙሉ የተነከረ ባለ ቀለም ልብስ እርስ በርሱ ይቀባባል።

በረኪና ነጭ ጥጥ ላይ ብቻ፣ እሱም አልፎ አልፎ። ሱፍን ይበላል፣ ላስቲክን ያበጣጥሳል። ጋቢ አራት ድርብ፣ ነጠላ ሁለት ድርብ የሆነ ጥጥ ነው፤ በረኪና ፈትሉን አድክሞ ከጠርዙ መበጣጠስ ያስጀምረዋል። በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ ጥበቡ ቀለም እንዳይለቅ ከሌላው ክፍል ጋር ሳታነባብሩ ስቀሉት። እንዶድ የሚጠቀም ሰው እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አይድፋ፤ ዓሣና ቀንድ አውጣ ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ሞተው ያዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሹራብ በገመድ አይሰቀልም፤ ውሃው ወደ ታች ይጎትተውና እጅጌው ጉልበት ይደርሳል። ፎጣ ላይ አንጥፉት። ኮምቦልቻ ላይ ባለ ቀለም ልብስ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ልብስ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ሊቀር ስለሚችል በትንሽ በትንሹ እጠቡ፤ ካልደረቀ አትጠፉት፣ ይሻግታል። ብል የሚመጣው ላብና የምግብ ቅሪት ወዳለበት ሱፍ ስለሆነ ለክረምት የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ታጥቦ፣ ደርቆ ይግባ።

9. ቤት ውስጥ የሚደረግ ጥገና

አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት መርፌ፣ ጥቁር፣ ነጭና ሰማያዊ ክር፣ መቀስ፣ የሻማ ቁራጭና ጥቂት ትርፍ ቁልፍ አስቀምጡ።

*ቁልፍ፦* ክሩን ደርቡ። ቁልፉ ላይ የክብሪት እንጨት አጋድሙና በእንጨቱ ላይ እያሳለፋችሁ በየቀዳዳው 4 ጊዜ ስፉ። እንጨቱን አውጡ፣ ቁልፉን ወደ ላይ ሳቡ፣ በቁልፉና በጨርቁ መካከል ክሩን 5 ጊዜ ጠምጥማችሁ ቋጥሩ። ይህ አንገት ከሌለው ቁልፉ ሲቆለፍ ጨርቁን ይቦጭቃል።

*የሚያዝ ዚፕ፦* ጥርሱ ላይ ሻማ እሹ። ተዘግቶ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ተንሸራታቹ ላልቷል፤ ሁለቱን ጎኖቹን በፒንሳ በጣም በቀስታ ጠበቅ አድርጉ። ሲበዛ ይሰበራል።

*ካልሲና ሹራብ፦* አምፖል ውስጡ ክተቱ። ከቀዳዳው ዳር 1 ሴ.ሜ. ራቅ ብላችሁ ጀምሩና እንደ ሸማኔ መጀመሪያ ድሩን በአንድ አቅጣጫ ዘርጉ፣ ከዚያ ማጉን አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከሥር አሳልፉ። ክሩን አታጥብቁ፤ ከጠበቀ ዙሪያው ይሸበሸባል።

*የጂንስ ጭን፦* ሳይቀደድ፣ ሲሳሳ ጣፉት። ከሳሳው ቦታ በሁሉም በኩል 3 ሴ.ሜ. የሚተርፍ ጨርቅ ከውስጥ አድርጋችሁ በመኪና በግማሽ ሴንቲ ሜትር ልዩነት መስመር በመስመር ይሰፋ። ከተቀደደ በኋላ ሥራው እጥፍ ነው፣ መልኩም ይታያል።

*ኮሌታ፦* የሸሚዝ ኮሌታ ከነጣ ወይም ከተበላ ልብስ ሰፊው ፈትቶ ይገለብጠዋል። ሸሚዙ ሌላ ዕድሜ ያገኛል።

10. በመጨረሻ የሚወጣውን መለየት

ለሰው የሚሰጠው ታጥቦ፣ ቁልፉ ተሟልቶ ይሰጥ። የተቀደደና የቆሸሸ መስጠት መጣያውን ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ነው። «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ሰውም ደህናውን ልብስ በሳህንና በብርጭቆ ይለውጣል፤ ጂንስ፣ ጃኬትና የልጅ ልብስ ሲሆን ለመከራከር አትፈሩ።

የማይለበሰውን ከመጣላችሁ በፊት ዚፑን፣ ቁልፉን፣ ደህና ላስቲኩን ቆርጣችሁ ቆርቆሮው ውስጥ ክተቱ። ከዚያ ጥጡን ከፖሊስተሩ ለዩ። የጥጥ ካናቴራና አንሶላ 30 በ30 ሴ.ሜ. ተቆርጦ የወጥ ቤት እራፊ ይሆናል። በብዛት ከተጠራቀመ ኮምቦልቻ ውስጥ ለሚሠራ መካኒክ ይሰጣል፤ ዘይት ለመጥረግ የሚፈለገው የሚመጥ ጥጥ ነው። ያረጀ ጋቢ ከመሐሉ ደህናው ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሰፍቶ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል።

ፖሊስተሩን ከሰል ማንደጃ ላይ አታቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ አለው፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሁለት ጣት በማይሞላ ስፋት ከትፋችሁ ለመደገፊያ ትራስ ሙሌት አድርጉት። 40 በ40 ሴ.ሜ. ለሆነ ትራስ ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ይገባል። ሻንጣ ሙሉ ጨርቅ ጠርቅማችሁ አትሙሉ፤ ሲጠቀጠቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ሽፋኑን በዚፕ ዝጉት፣ ከስድስት ወር በኋላ ከፍታችሁ ውስጡን ፍቱና መልሱት።